ልጆችን ከባሕር ጋራ ስለ ማስተዋወቅ

የትምህርት ቤት በር ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ ልጆች ዕረፍት ያገኛሉ፤ ወላጆች ግን ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን አይለቁም። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ በደንብ ሳይተያዩ ክረምቱ ያልፋል። ጥቂት ቀን ለይቶ ከልጆች ጋራ መንገድ መሄድ፥ ለጎረቤት ለማውራት ሳይሆን አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ ሙሉ ቀን እንዲውሉ ከሆነ፥ ደግ ነገር ነው። በዛሬው ገጻችን ስለ ጎረቤታችን ስለ ኬንያ የባሕር ከተማ ስለ ሞምባሳ እንናገራለን። ይህችን የመረጥንበትም ምክንያት፥ ብዙዎቻችን ደገኞች በመሆናችን ልጆቻችን ባሕርን የሚያውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ስለ ሆነ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሞምባሳ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ፥ በ4 ዲግሪ ገደማ የምትገኝ ደሴት ናት። ሐምሌና ነሐሴ ለእርሷ የቅዝቃዜ ወራት ሲሆኑ፥ ቢሆንም ቀኑ እስከ 27 ወይም 28 ዲግሪ ይሞቃል። ወባ ያለባት ቆላ ስለ ሆነች፥ በደጋ ያደገ ልጅ በሽታውን የሚቋቋምበት ልማድ በሰውነቱ የለም። ስለዚህ ከመነሣት አስቀድሞ ሐኪም ጠይቆ የመከላከያውን መድኀኒት መያዝ፥ ሌሊትም በአጎበር ውስጥ መተኛት ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባትም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ ወረቀቱም ከፓስፖርቱ ጋራ ይያዝ። ከ2017 ጀምሮ በኬንያ ፌስታል የተከለከለ ነውና፥ ስንቅና ልብስ በጨርቅ ከረጢት ቢቋጠር ይሻላል።

እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን ለሚሄዱ፥ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በ2017 በተከፈተው አዲስ የባቡር ሐዲድ እንዲጨርሱት እንመክራለን። ባቡሩ ከደጋው ተነሥቶ የጻቮን የዱር አራዊት ክልል አቋርጦ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ለልጆቹም ሥራ ስጡአቸው፤ አንዱ ዝሆን ይቊጠር፥ አንዱ የአፈሩን ቀለም ይመልከት። የጻቮ ዝሆኖች በቀዩ አፈር ስለሚንከባለሉ ቀይ መስለው ይታያሉና፥ ምክንያቱን ልጁ ራሱ እንዲደርስበት ተዉት።

አሁን ወደ ባሕሩ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። ልጅ በውኃ ሲሰጥም እንደሚታሰበው አይጮኽም፥ እጁንም አያወዛውዝም። አፉ ውኃ ሲሞላ ድምፅ አይወጣውምና፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በዝምታ ይጠፋል። ደግሞም ይህ የሚሆነው በጥልቅ ባሕር ብቻ አይደለም፤ ለትንሽ ሕፃን እስከ ጉልበት የሚደርስ ውኃ ይበቃዋል። «ሁላችንም እያየነው ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አላየውም ማለት ነው። ስለዚህ ልጆች ውኃ ውስጥ ባሉበት ሰዓት ከአዋቂዎች አንዱ በስም ጠባቂ ይሁን፤ ስልኩን ያስቀምጥ፥ ጨዋታም አይጫወት፥ ሲደክመው ለሌላው በቃል ያስረክብ። ትንንሾቹ ደግሞ እጅ በሚደርስበት ቅርበት ይሁኑ። ዋና የማያውቅ አባት ወይም እናት ይህን ለልጁ ከመናገር አይፈር፤ ልጁም ከወገቡ በላይ እንዳይገባ ሕጉ ከቤት ሳይወጣ ይነገረው። ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐዩ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ጨዋታው በማለዳና ወደ ማታ ላይ ቢሆን መልካም ነው።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ሜትር ያህል ይሆናል። ልጆች ማታ ማታ ጨረቃን እያዩ፥ በማግስቱም በአሸዋው ላይ እንጨት ተክለው ውኃው የደረሰበትን ቢለኩ፥ ሰማይና ባሕር እንዴት እንደ ተያያዙ ከማንኛውም ትምህርት ይልቅ ይገባቸዋል። ውኃው ሲጎድል በኮራሉ ድንጋይ መካከል ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ፤ በእነርሱም ውስጥ ሸርጣን፥ ኮከብ የሚመስል የባሕር እንስሳና ትንንሽ ዓሦች ይታያሉ። ጫማ ሳያደርጉ መግባት አይገባም፤ እሾኻም ፍጥረት አለበትና። ዛጎልም ቢያምር በእጅ አይነሣ፤ መርዝ ያለበት ዐይነት አለና፥ ባዶ የሚመስለውም የሌላ ፍጥረት ቤት ሊሆን ይችላል። ውኃው መመለስ ሳይጀምር ወደ ዳር መውጣት የሁሉም ሕግ ይሁን።

ከባሕሩ ዳር ፎርት ጂሰስ የሚባለው ምሽግ አለ። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 ያሠሩት ሲሆን፥ ከ2011 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልጆቻችን ይህን ስም የሌላ አገር ታሪክ ብቻ አድርገው እንዳያልፉት ይነገራቸው። በ1498 ሞምባሳ የደረሰው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ዶን ክሪስቶፎር ዳ ጋማ፥ በ1541 በምጽዋ በኩል ከ400 ወታደሮች ጋራ ወደ አገራችን ገብቶ ነበር፤ በማግሥቱም ዓመት ሕይወቱ በዚያው በኢትዮጵያ አለፈ። በትምህርት ቤት ያነበቡት ነገር በግንብና በመድፍ ፊት ሲቆሙ ሥጋ ይለብሳል።

ከከተማዋ በስተ ሰሜን ሃለር ፓርክ ይገኛል። ቦታው ለሲሚንቶ ድንጋይ ሲቈፈር ኖሮ ራቁቱን የቀረ ምድረ በዳ ነበር። ሬኔ ሃለር የተባሉት ሰው ከ1971 ጀምሮ ብዙ ዐይነት ዛፍ ሲሞክሩ፥ ከበቀሉት አንዱ እኛ ሽውሽዌ የምንለው ሆነ። ነገር ግን የወደቀው ቅጠል አልበሰብስ ስላለ፥ ብዙ እግር ያለው ትል መሰል ፍጥረት አምጥተው ቅጠሉን እንዲበላ አደረጉ፤ ከዚያም አፈር ተፈጠረ። በ2004 መጨረሻ በተነሣው ታላቅ የባሕር ሞገድ ከወገኖቹ የተለየ የጉማሬ ግልገልም ወደዚሁ መጥቶ፥ በዕድሜ የገፋ ኤሊን እንደ እናቱ ተከትሎ ነበር። ትዕግሥት ምን እንደሚሠራ ለልጅ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ስፍራ አናውቅም።

በገበያ ደግሞ ቋንቋውን ይስሙ። የስዋሂሊ ሰው ሰዓቱን እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ይቈጥራል፤ ባሕርን «ባሃሪ»፥ ሰባትን «ሳባ»፥ አርባን «አሮባይኒ»፥ ሃምሳን «ሃምሲኒ» ይላል። እነዚህ ቃላት የግእዝ ዘመድ ከሆነው ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸውና፥ ልጆች ልዩነቱን ሲያነጻጽሩ ይደሰታሉ። በዚያም አገር ልጅ ታላቁን ሲያገኝ «ሺካሞ» ብሎ ይሰላምታል፥ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበለዋል፤ የእኛ ልጆችም ይህን ይልመዱ።

ጉዞው በነሐሴ ከሆነ ጾመ ፍልሰታ ይገባል። ይህም እናቶችን ሊያሳስብ አይገባም፤ ባቄላ መሰሉ «ማሃራግዌ» እና የአተር ዐይነት የሆነው «ምባዚ» በኮኮናት ወተት ስለሚሠሩ፥ ለጾመኛ ልጅ ጥሩ ምግብ ናቸው። ቅቤ ወይም የላም ወተት እንዳልገባበት ግን አብሳዩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሞምባሳ መሄድ ያልቻለ ቤተ ሰብም ከዚህ ጽሑፍ የሚወስደው አይታጣም። ለልጅ የሚፈልገው ጥያቄ መስጠት፥ በውኃ አጠገብ ዐይንን አለመንቀል፥ ታላቅን በአገሩ ቋንቋ ሰላም ማለት፥ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርም ሆነ በአያት ቤት ሊሆን ይችላል። ልጆች ካደጉ በኋላ የሚያስታውሱት የሆቴሉን ስም ሳይሆን፥ በዚያን ቀን አባታቸው ሳይቸኩል ከእነርሱ ጋራ በአሸዋ ላይ እንጨት እንደ ተከለ ነው።