ራሱን የሚቆልፍ በር

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና በር ነው። «ነርስና የመኪና በር ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሕፃን ላይ ነው የሚያርፈው።

ባለቤቴ ከሃያ ዓመት በላይ የነዳት ቶዮታ ኮሮላ አለችን፤ ሰው «ዲኤክስ» የሚላት ዓይነት። ስትገዛ በሯ በእጅ ነበር የሚቆለፈው። አራቱን በር አንድ ላይ የሚቆልፈውን ሴንትራል ሎክ በኋላ ነው ያስገጠምንላት። ባለፈው ዓመት የሾፌሩ በር ዓመል አመጣ። አንድ ቀን ነክሶ አልከፈትም ይላል፤ ሌላ ቀን ማንም ሳይነካው «ጧ!» ይልና አራቱም በር ይቆለፋል። «ተዋት፣ ሲላት ትከፍታለች» እያልን ስድስት ወር ሙሉ እየሳቅን ነዳናት።

መጋቢት ላይ ለዘመድ ተዝካር ዳባት አድረን ነበር። ዳባት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሁለት ዓመት የሆነውን የልጅ ልጄን ሹራብ በሹራብ ላይ ደራርበን፣ ኮፍያ አድርገንለት ተነሣን። ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ጎንደር ስንገባ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ሽንኩርት ልንገዛ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ቆምን። ልጁ ከኋላ ተኝቷል። እኔና ልጄ ወረድን፤ አማቼ የሞተሩን ቁልፍ እዚያው እንደተሰካ ትቶ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ሊከፍት ወረደ። አቧራ እንዳይገባ መስታወቱ ሁሉ ተዘግቷል። የመጨረሻው በር ሲዘጋ «ጧ!» አለ።

ትርፍ ቁልፉ ማራኪ፣ ቤት ነው። አንዱ ጎረምሳ ሽቦ አምጥቶ በበሩ ጎሚኒ በኩል ሰደደ፤ ሽቦው እየተንሸራተተ አስቸገረ። የሚያውቀኝ ባለሱቅ «ሲስተር፣ መስታወቱ ውድ ነው፤ ትንሽ ታገሱ፣ ይከፈታል» አለኝ። ልጁ ነቃ። መጀመሪያ አለቀሰ፤ ፊቱ ቀላ፤ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ከዚያ ልቅሶው እየደከመ መጣ። እኔን ያስደነገጠኝ ይኼኛው ነው። በሥራ ዘመኔ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከሚጮኸው ሕፃን ይልቅ ዝም ያለው እንደሚያስፈራ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ደቂቃ ሆኗል። «ስበረው!» አልኩት አማቼን። የክሪኩን እጀታ ከኋላ አውጥቶ ከልጁ ርቆ ያለውን የፊት ጎን መስታወት ጥጉ ላይ መታው። በሁለተኛው ምት ረገፈ።

ልጁን ጥላ ሥር አድርገን ልብሱን አወለቅንለት፤ ገላውን በውኃ አርሰን በነጠላ አራገብንለት፤ ሲረጋጋ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ሰጠነው። ተመስገን፣ ደኅና ነው። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስድስት ወር ሙሉ ምልክት እያሳየ የኖረን በሽታ ችላ ያልኩት እኔው ነኝ።

መኪና ውስጥ ያለ ሙቀት እንዴት እንደሚጨምር ላስረዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንደሚጨምር፣ ከዚህም 80 በመቶው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚሆን አሳይቷል። ውጭው 26 ዲግሪ ቢሆን፣ ውስጡ በግማሽ ሰዓት ከ40 ያልፋል ማለት ነው። መስታወቱን ገርበብ ማድረግ ብዙም አልለወጠውም። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይሞቃል። ስለዚህ «ጎንደር ደጋ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ።

የበሩ ሕመም ምን ነበር? የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ በሩና የመኪናው አካል በሚገናኙበት፣ ማጠፊያው አጠገብ ያለውን የጎማ ቱቦ ገልጦ አሳየን። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያ ያለው ሽቦ ይታጠፋል። ከዓመታት በኋላ ልባሱ ተልጦ፣ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ሌሎቹን በሮች «ቆልፉ» ብሎ ያዛል። የሾፌሩ በር አዛዥ ነውና ሁሉም ይሰሙታል። ሽቦውን ቀጥሎ ሸፈነው፤ በቃ። ዋጋው የመስታወቱን ሩብ አልሞላም።

የእናንተም መኪና ዓመል ካመጣች፣ ከመፍታታችሁ በፊት እንደ ሐኪም አዳምጡ። አንድ ሰው ማብሪያውን ይጫን፣ ሌላው ጆሮውን በሩ ላይ ያድርግ። በአራቱም በር ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙንና ባትሪውን እዩ። አንዱ በር ብቻ ዝም ካለ፣ ያንን የጎማ ቱቦ ገልጣችሁ ሽቦውን ፈትሹ። ውስጡ እያጉረመረመ ቁልፉ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በበሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞተር የፕላስቲክ ጥርሷ አልቋል ወይም የምትስበው ዘንግ ወልቋል። በእጅ ሲሞከርም የሚከብድ ከሆነ፣ መንጠቆው በአቧራና በደረቀ ግሪስ ታንቋል፤ ተጠርጎ አዲስ ግሪስ ይፈልጋል።

ሞተሯን ለመቀየር የበሩን የውስጥ ልባስ ማውረድ ያስፈልጋል። ብሎኖቹ እጀታው አካባቢ ተደብቀዋል፤ ዙሪያውን የያዙት ፕላስቲኮች በኃይል ከተሳቡ ይሰበራሉ። ከልባሱ ሥር ያለውን ላስቲክ ቀዳችሁ እንዳትጥሉት፤ በክረምት ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኋላው በር ከውጭ እየተከፈተ ከውስጥ እምቢ ካለ፣ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ ጠርዙን እዩ። ልጆች እንዳይከፍቱት የተሠራች ትንሽ መቆለፊያ አለች፤ ወርዳ ይሆናል። እሷ ብልሽት አይደለችም።

መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ከልጅ ልጆቻችን ጋር ይኖራሉ ማለት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። ሞተሩ ቢጠፋም ባይጠፋም ቁልፉን ነቅላችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ውረዱ። ለደቂቃም ቢሆን ሕፃኑን ይዛችሁት ውረዱ። ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ መስታወት አትሳሱ፤ ከልጁ የራቀውን የጎን መስታወት ጥጉ ላይ ምቱ፤ የፊቱ ትልቁ መስታወት ቢሰነጠቅም በቀላሉ አይረግፍም። ልጁ ከፈዘዘ ወይም ካስመለሰው ውኃ በአፉ አትስጡት፤ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ስንት እናት ላይ ተርቼዋለሁ! በራሴ ደጅ ለቆመችው መኪና ግን ረሳሁት። እናንተ አትርሱት። ቸር ይግጠመን።