መንዙማችንን በሞንታርቦ አናስቀብር

ከመንደሩ ማኅበር ጽሕፈት ቤት የተለጠፈ



ለመጪው መውሊድ የሙስሊም ወገኖቻችን ዜማዎች በየዓይነታቸው የሚሰሙበት የመንደር በዓል እንዲዘጋጅ በጠቅላላ ስብሰባ ሐሳብ ቀርቦ አብዛኛው ሰው እጁን አውጥቶ መደገፉ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ስብሰባው ከተበተነ ወዲህ በየቡናው ላይ የሚወራው ሌላ ሆኗል። አንዱ «የኛ አገር ነገር አይደለም» ይላል። ሌላው «ሐራም ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ከአዲስ አበባ አንድ ዘፋኝ ከነኪቦርዱ አምጥተን በሞንታርቦ እናስጩኸውና እንገላገል» ይላል። ነገሩ በየጓሮው ከሚብላላ በግልጽ ብንነጋገርበት ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል።

በመጀመሪያ «መንዙማ የወሎ ነው፤ ደብረ ብርሃንን ምን አገባት?» ለሚሉት። ደብረ ብርሃንን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን እንደ ቆረቆሯት እናውቃለን፤ እንኮራበታለንም። ግን ከአንኮበር ቁልቁል ያለው ይፋት ከዚያ በፊት የወላስማ ሡልጣኖች አገር እንደ ነበረስ ለምን ይረሳል? በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ሥር አልዩ አምባ ላይ አርጎባው፣ ሐረሬውና አፋሩ ይገበያይ ነበር። ደገኛው ጨውና ጨርቅ ከዚያው ይገዛ ነበር። ጨዋቸውን እየላስን ዜማቸውን «የሰው አገር ነው» ማለት ምን ይሉታል? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኑም አብሯቸው ወጥቷል። በ1967 ዓ.ም. መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በዓሉ የሁላችንም ነው፤ ቀኑን ሥራ ዘግተን የምናርፈው ሁላችንም አይደለንም እንዴ?

ሁለተኛ «ሐራም ነው» ለሚሉት። እኛ የሃይማኖት ዳኞች አይደለንም፤ እሱን ለመሻይኾቹ እንተዋለን። «መንዙማ ሙዚቃ ሳይሆን ዱዓና ውዳሴ ነው» የሚሉ አባቶችን ቃል እናከብራለን። ስለሆነም በማስታወቂያው ላይ «ሙዚቃ» የሚለው ቀርቶ «መንዙማና ዜማ» ተብሎ ይጻፋል። ዳሩ ግን ሽማግሌዎቹን አፋቸውን ለማስያዝ ለሚሽቀዳደሙ ወጣቶች አንድ ጥያቄ አለን። የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ማን ነበር? ሐበሻው ቢላል አይደለም? ለዚያ የተመረጠውስ ድምፁ ስላማረ አይደለም? ሐበሾች በመዲና መስጊድ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ ዝም ብለው እንዳዩዋቸው በቡኻሪ ሐዲስ ተጽፏል። ስለዚህ ከመቆጣት በፊት መጠየቅ ይቅደም።

ሦስተኛውና የባሰው የሞንታርቦው ነገር ነው። የወሰንነው ዜማዎቹ በየዓይነታቸው እንዲሰሙ ነው። ኪቦርድ ደግሞ ሁሉን አንድ ዓይነት ያደርገዋል። የወሎንና የይፋትን መንዙማ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አውራጁ ስንኙን ያወጣል፣ ጀመዓው አዝማቹን ይቀበላል፣ ድቤው ቀስ ብሎ ይጀምርና እየጋለ ይሄዳል፣ ጭብጨባው ይከተላል። እዚያ ተመልካች የሚባል የለም፤ የመጣ ሁሉ ተቀባይ ነው። የሐረሩ ዚክሪ ሌላ ነው፤ ከከበሮው ጋር ከበል የሚሏቸውን የእንጨት ጠፍጣፋዎች ያጋጫሉ። ወደ ባሌ፣ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚጓዘው ሕዝብ በኦሮምኛ የሚያዜመው ውዳሴ ደግሞ ሌላ ነው። ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር መንዙማቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐረብ ፊደል ጽፈዋል፤ ይህም አጀም ይባላል። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ እምነቱን እንዲለውጥ ሲታዘዝ እምቢ ካሉት አንዱ እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ትተን በተከራየነው ዘፋኝ መስኮታችንን ብናስንቀጠቅጥ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» መባላችን አይቀርም።

ደግሞስ ጊዜ ያለን ይመስለናል? በአንኮበር ቆላ አርጎብኛ ቋንቋ በአብዛኛው ቦታውን ለአማርኛ ለቋል። ቋንቋው ሲሄድ አብሮት የሄደውን ዜማ የሚመልስልን የለም። ዛሬ መንዙማ በቃላቸው የያዙ አባቶችና እናቶች ቢሞቱ የሚተካቸው ካልተማረ ነገሩ አበቃ። ሐረሮች ሹዋሊድን ይዘው ስለቆዩ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮላቸዋል። ያስመዘገቡት በዓል በሞንታርቦ የተገኘ ሳይሆን ከቤት ወደ ቤት፣ ከእናት ወደ ልጅ የመጣ ነው።

ሌላም አለ። ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን የገቡ ወገኖች አሉ። ከነሱ ውስጥ ቤተሰባቸው በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ ወለጋ የሰፈረ ይገኝበታል። ቤትና ከብት ጥለው የመጡ ሰዎች ምናልባት ይዘውት የመጡት ዜማቸውን ብቻ ይሆናል። ስንዴና ብርድ ልብስ ሲሰጣቸው አይተናል። «እስቲ አንድ አውርዱልን፣ እኛ እንቀበላችሁ» ያላቸው ሰው ግን አላየንም። ሰው የሚከበረው ያለውን ሲጠየቅ ጭምር ነው።

በመሆኑም ማኅበሩ የሚከተለውን ይጠይቃል፦

1ኛ/ መንዙማ፣ ዚክር ወይም የሴቶች የመውሊድ ዜማ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም እናት በቤቱ ያለ ነዋሪ ለጸሐፊው ያስመዝግብ።

2ኛ/ ለዘፋኝና ለሞንታርቦ ኪራይ ይውል የተባለው ገንዘብ ከአልዩ አምባና ከይፋት ለሚጠሩ አባቶች መጓጓዣና መስተንግዶ እንዲውል በስብሰባው ይወሰን።

3ኛ/ ጥሩ ስልክ ያላቸው ወጣቶች ባለቤቶቹን አስፈቅደው ዜማውን ይቅረጹ። ከቅጂው አንዱ ለዜመኛው ቤተሰብ፣ አንዱ ለማኅበሩ ይሰጥ።

4ኛ/ ቡናውን፣ ዕጣኑንና ዳቦውን ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙ ያዋጣ።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። የሚቃወም ካለ እዚያው መጥቶ ይቃወም፤ ከኋላ ማንሾካሾክ ግን ይብቃ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!

የማኅበሩ ጸሐፊ