«ማንም አይጠቀምበትም»

የሰፈራችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ኮሚቴ ሰው ሁሉ «ኮሙናል» የሚለውን የጋራ መገልገያ ሕንፃ ለዕቃ መጋዘን ሊያከራየው ወስኗል። ግቢው ውስጥ የተለጠፈው ማስታወቂያ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶታል፦ ሁሉም ቤት የራሱ ኩሽና ስላለው ሕንፃውን ማንም አይጠቀምበትም። የኪራዩ ገንዘብ ለጥበቃና ለውኃ ፓምፕ እንደሚውል አልጠራጠርም። ዐረፍተ ነገሩን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

አለመጠቀማችን የታወቀው እንዴት ነው? ቁልፉ ያለው በኮሚቴው እጅ ነው። የሕንፃው መብራት ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ቧንቧውም ደርቋል። ለለቅሶ የፈለገው ሰው ማመልከቻ ጽፎ ፊርማ መጠበቅ አለበት፤ ቀብር ግን ፊርማ አይጠብቅም። ስለዚህ ሴቶቹ ሽንኩርቱን ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይከትፋሉ፣ ድስቱንም በሁለት ብሎኮች መካከል ድንኳን ሥር ይጥዳሉ። ሥራው አለ፣ ሠራተኞቹም አሉ፤ የጠፋው የሚገባበት በር ነው። በሩን የቆለፈ አካል «የሚገባ ሰው አላየሁም» ቢል ምስክርነቱ በራሱ ላይ ነው።

«የራሱ ኩሽና አለው» የሚለውም አያስኬድም። የኮንዶሚኒየም ኩሽና አንድ ሰው ቆሞ ወጥ የሚሠራበት ቦታ ነው። አምስት ሰው ከብቦ በርበሬ የሚቀነጥስበት፣ የድግስ እንጀራ የሚጋገርበት አይደለም። ቤቶቹን የነደፉት ሰዎች ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለእርድና ለልብስ እጥበት የጋራ ሕንፃ የጨመሩት ይህን ስላወቁ ነው። ኮሚቴው ትርፍ ነው ያለውን እነሱ ያስቀመጡት አስበውበት ነው።

ነገሩ ከግቢ አስተዳደር ያልፋል፤ የምንበላው ምግብና የአእምሮ ጤናችንም ጉዳይ ነው። የአውስትራሊያዋ ተመራማሪ ፌሊስ ጃካና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ድባቴ ያለባቸውን 67 ሰዎች በሁለት ከፍለው ለ12 ሳምንት ተከታተሉ። አንደኛው ቡድን በሥነ ምግብ ባለሙያ እየታገዘ ወደ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት አዘነበለ። ለሌላው የሚያጫውተው ሰው ተመደበለት። በመጨረሻ ከምግቡ ቡድን 32 በመቶ፣ ከሌላው 8 በመቶ ያህሉ ከድባቴው አገገሙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹ ሌላ ሕክምናም ላይ ስለነበሩ ምግብ መድኃኒትን ይተካል አያሰኝም። ግን ንቀን የምናልፈው ውጤት አይደለም።

ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ከዚያ ማዕድ ሩቅ አይደሉም። ከቤታችን የሚያርቃቸው የጊዜና የእጅ እጥረት ነው። ማታ ከሥራ ደክሞት የገባ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ጎመን አይቀነጥስም፤ ዳቦውን በሻይ በልቶ ይተኛል። የብራዚል ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ የሚበላውን ከመዘርዘር አልፎ፣ ሰው በተቻለው መጠን ከሌሎች ጋር እንዲበላና የማብሰሉን ሥራ ቤተሰቡ እንዲጋራው የመከረው የምግቡ ጥራት ከአብሮነት ስለማይነጠል ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ያው የአውስትራሊያ ጥናት ለእኔም ጥያቄ ይተውልኛል። ሁለተኛው ቡድን አጫዋች ነበረው፤ ያገገሙት ግን ጥቂት ናቸው። አብሮ መሆን ብቻውን ካልበቃ፣ አብሮ ማብሰል ይበቃ ይሆን? ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭስ ውስጥ አብረው ያበሰሉ እናቶች ከዚያ ያገኙት እፎይታ ነው ወይስ ድካም? ኮሙናሉ ነገ ቢከፈት ወንዶቹም ቢላዋ ይዘው ይገባሉ ወይስ ሥራው እንደ ለመደው በሴቶቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል? መልሱን የሚነግረን መሞከሩ ብቻ ነበር። መጋዘን ከሆነ በኋላ በምን እንሞክረዋለን?

የዓምዱ ጸሐፊ