የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ኮፊ ቀበቶውን ያነሣበት ሌሊት

እኔ ሆሳዕና ሳድግ ሬስሊንግ የሚታየው በቪዲዮ ቤት ነበር፤ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ትርዒቱ ከተካሄደ ከወራት በኋላ በሲዲ። መጋቢት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ግን ሳይነጋ ተነሥቼ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። አሜሪካ ገና እሑድ ማታ ነበር። ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን በደብሊው ደብሊው ኢ የሬስሊንግ ድርጅት ትልቁ ዓመታዊ ትርዒት፣ በሬስልማኒያ 35፣ ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ የድርጅቱ ሻምፒዮን ሆነ። አፍሪካ ውስጥ ተወልዶ ያንን ቀበቶ የያዘ ከእሱ በፊት አልነበረም።

አለቀስኩ። ውጤቱ አስቀድሞ እንደሚወሰን አውቃለሁ። የሰውየው 11 ዓመት ጥበቃ ግን እውነት ነው። ሲጀምር ጃማይካዊ ነው ተብሎ ነበር የቀረበው፤ የትውልድ አገሩን ስም እንኳ አላስጠሩትም።

መስከረም 2012 ላይ ብሮክ ሌስናር በጥቂት ሴኮንድ ጥሎት ቀበቶውን ወሰደበት። ዛሬም ያንገበግበኛል። ለእንዲህ ያለ ሻምፒዮን አንድ ሙሉ ግጥሚያ እንዴት ይነፈጋል?

በዚህ ዕትም የሆሳዕና፣ የዱራሜና የሺንሺቾ ተመልካቾች ያለቀሱባቸውን ሌሊቶች ይተርካሉ። ከሁሉ አስቀድማችሁ የቪዲዮ ቤት ባለቤት የነበሩትን እናት ጽሑፍ አንብቡልኝ፤ ሳንቲም ያልነበረንን ልጆች በጓሮ በር ያስገቡን ነበር።