‹‹ሠራ›› እና ‹‹ፈለሰፈ››

ባለፈው እትማችን፣ የምሕንድስና ተማሪዎች ስለ ሠሩት የእንሰት መፋቂያ መኪና አንድ ዜና አውጥተን ነበር። ዜናው የተማሪዎቹን ስም ዘርዝሮ ‹‹ፈለሰፉ›› ይላል፤ ከታች ደግሞ ‹‹መኪናው ጉብሬ ከተማ ተበየደ›› ይላል። ይህን ያነበቡ አንድ መምህር ወደ ክፍላችን መጥተው፣ ‹‹ለመሆኑ ስለቱን ያዘነበለው ማን ነው?›› ሲሉ ጠየቁን። ሄደን ብናጣራ፣ ቃጫው በተሽከርካሪው ብረት ላይ እየተጠመጠመ መኪናውን ሁለት ጊዜ እንዳቆመው፣ የስለቱን አቀማመጥ ለውጦ ችግሩን ያስወገደውም በያጁ እንደ ሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ነገሩን። እኛ ግን ሰውየውን ‹‹ተበየደ›› በሚል አንድ ቃል ውስጥ ቀብረነው አልፈናል።

ስሕተቱ የኛ ነው። ዳሩ ግን እኛም ከሌላ የተማርነው ስሕተት ስለ ሆነ፣ ምንጩን መመርመር ይገባል።

‹‹ፈለሰፈ›› የሚለው ቃል ስለ ሳይንስ በሚነገርበትና በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ የተማረ ሰውና የሩቅ አገር ሰው ቃል ሆኗል። ለአገራችን ባለእጅ የተተወለት ‹‹ሠራ››፣ ‹‹ቀጠቀጠ››፣ ‹‹ጠገነ›› ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ‹‹ጄምስ ዋት የእንፋሎትን ሞተር ፈለሰፈ›› እያልን አድገናል። ይሁን እንጂ የቶማስ ኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር በ1712 እ.ኤ.አ. ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ ይስብ ነበር። ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ሠሪ ሳለ፣ የዚሁ ሞተር ትንሽ አምሳያ እንዲጠግን ተሰጠው፤ በጥገናው ላይ እንፋሎቱ በከንቱ ሲባክን አይቶ፣ በ1765 እ.ኤ.አ. እንፋሎቱ ለብቻው የሚቀዘቅዝበትን ክፍል አሰበ። እንግዲህ ጠጋኙ ዋት ፈልሳፊ ከተባለ፣ የጉብሬው በያጅ ስለ ምን ጠጋኝ ብቻ ሆኖ ይቀራል?

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ከዝምታ አልፎ ስድብ የደረሰበት ጊዜ አለ። ‹‹ጠቢብ›› እና ‹‹ጠይብ›› ሥራቸው አንድ ነው፤ አንዱን ለምስጋና፣ ሌላውን ለብረት ሠሪው ስድብ አደረግነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እዚሁ ጉራጌ አገር የምንኮራበትን ክብ ቤት እንመልከት። ምሰሶውን ጠርቦ ያቆመው፣ ከምሰሶው እንደ ጃንጥላ አጥንት የሚዘረጉትን እንጨቶች ለክቶ የጣራውን ክብደት ያሸከማቸው የእንጨት ጠቢብ ነው። ያ ጠቢብ ግን የእርሻ መሬት እንዳይኖረው ተከልክሎ፣ ከሰው ተራ ተለይቶ ኖሯል፤ የወገኑ መጠሪያም ስድብ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ አንጽፈውም። ቤቱን ስናወድስ ‹‹የጉራጌ ቤት›› እንላለን፤ ሠሪውን ስንጠራ ግን አፋችን ይበላሻል።

በቅን ልቡና የሚነገር ታሪክም ቢሆን ሰው ይጥላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ በተነሣው ምርምር ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ክብራቸው የተገባ ነው፤ የተመለከቱትን በምርምር አረጋግጠዋልና። ነገር ግን እንዶድን ቀጥቅጦ ሳሙና ማድረግን ያወቁት እነዚያ አጣቢዎችና እናቶቻቸው በታሪኩ ውስጥ እንደ ወንዙ ዳር ድንጋይ ሆነው ይታያሉ።

‹‹ታዲያ ብረት የበየደ ሁሉ ፈልሳፊ ይባል?›› የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ አላልንም። ተማሪዎቹ ሐሳቡን አመንጭተዋል፣ ሒሳቡን ሠርተዋል፤ ይህ ከነሱ አይወሰድም። የምንለው ማን ምን እንዳደረገ ይነገር ነው። የቃል ክርክር ብቻም አይደለም። የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ ጭምር የ5 ዓመት፣ ሲታደስም የሌላ 5 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የስለት ማዘንበል በዚህ ሕግ ዓይን ሊመዘን የሚችል ሥራ ነው። ነገር ግን በገዛ ጋዜጣችን ‹‹ተበየደ›› የተባለለት ሰው፣ ማመልከቻ ይዞ ወደ ቢሮ ለመሄድ እንዴት ያስባል? ልጁስ የአባቱን ሱቅ የሳይንስ ቦታ አድርጎ እንዴት ያያል?

ስለዚህ ከዚህ እትም ጀምሮ ክፍላችን አንድ ደንብ አውጥቷል። ስለ ማንኛውም ሥራ ዜና ስናወጣ፣ ሐሳቡን ያመነጨውን፣ የሠራውንና ያሻሻለውን ለየብቻ እንጠይቃለን፤ ፈቃዱ ከሆነም እያንዳንዱን በስሙ እንጠራለን። ‹‹ተሠራ›› ብለን ከመጻፋችን በፊት ‹‹ማን ሠራው?›› እንላለን። መምህራንም የተማሪዎቻቸውን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያርሙ ይህንኑ እንዲጠይቁልን እንለምናለን።

በያጁን ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ሥቆ፣ ‹‹መጀመሪያ ከፍ አድርጌ አዘንብዬው አልሠራ ብሎኝ ነበር፤ እሱንም ጻፉት›› አለን። እነሆ ጽፈናል።