የተወሰደው ብቻ ሳይሆን የቀረውም ይገመት

መንገድ ወይም የመስኖ ቦይ በገጠር ቀበሌ ሲያልፍ ከአርሶ አደሩ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ሙሉ ይዞታው ሳይሆን ከማሳው የተቆረጠ አንድ ክፍል ነው። ካሳውም የሚሰላው ለዚያው ክፍል ነው። በግምት ወቅት በቀላሉ የሚዘነጋው በባለይዞታው እጅ የሚቀረው መሬት ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 455/1997 የእርሻ መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ባለይዞታ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝ ነበር። በምትኩ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ለማያገኝ ባለይዞታ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 እንዲባዛ አድርጓል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ሆኖም የሚባዛው ከተወሰደው መሬት የሚገኘው ገቢ ብቻ ከሆነ ጉዳቱ በሙሉ አይታይም።

ለምሳሌ አንድ ሄክታር በቆሎ የሚያርስ ገበሬ እናስብ። ማሳው 40 ኩንታል ቢሰጥና ኩንታሉ 3 ሺህ ብር ቢሸጥ ዓመታዊ ገቢው 120 ሺህ ብር ነው። መንገዱ 0.2 ሄክታር ቢወስድበት የዚያ ገቢ 24 ሺህ፣ በ15 ሲባዛ 360 ሺህ ብር ይሆናል። ነገር ግን መንገዱ ማሳውን ለሁለት ከፍሎት 0.2 ሄክታር ከማዶ ቢቀርስ? ቁራጩ ጠባብ በመሆኑ በሬ አዙሮ ለማረስ ያስቸግራል፤ ውኃ የሚያደርሰው ቦይና ጎርፍ የሚመልሰው እርከንም ተቆርጧል። የቁራጩ ምርት በግማሽ ቢቀንስ በየዓመቱ 12 ሺህ ብር ይጠፋል። በዚያው ስሌት 180 ሺህ ብር ማለት ነው። የተወሰደውን ብቻ የለካ ገማች ይህን ገንዘብ አያየውም።

መሬት በሚሸጥባቸው አገሮች ገማቾች የሙሉው ይዞታ ዋጋ ከመወሰዱ በፊት ስንት እንደነበረ፣ የቀረውስ አሁን ስንት እንደሚያወጣ አነጻጽረው ልዩነቱን ይይዛሉ። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ያም ሆኖ ምርት ይለካል። ማሳው በፊት ስንት ይሰጥ እንደነበር፣ የቀረው ከዚህ በኋላ ስንት ሊሰጥ እንደሚችል ማነጻጸር ይቻላል። ሐሳቡ ለአገራችን ሕግም እንግዳ አይደለም። ቤትን በሚመለከት ደንብ ቁጥር 135/1999 ቦታው በከፊል የተወሰደበት ባለቤት ቀሪውንም ለመልቀቅ ከመረጠ ለሙሉ ቤቱ ካሳ እንዲያገኝ ፈቅዶ ነበር።

የወረዳ የመሬት ጽሕፈት ቤቶችና የግምት ኮሚቴዎች ከሁሉ በፊት ማሳው ላይ ተገኝተው የሚቀረውን መሬት ስፋት፣ ቅርጽ፣ መግቢያና የውኃ መስመር በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍሩ ብዙ ክርክር ይቀራል። አንዳንዱ ጉዳት ደግሞ ያለ ካሳ ሊስተካከል ይችላል። የመንገዱ ንድፍ ሳይጸድቅ ከተጠየቀ ለውኃ ማሳለፊያ ቱቦና ለከብት መሻገሪያ ቦታ ማስያዝ ከመንገዱ መጠናቀቅ በኋላ ከመጠየቅ ይቀላል። ለብቻው የማይታረስ ቁራጭም ከአጎራባች ባለይዞታ ጋር በስምምነት የሚለዋወጥበትን መንገድ ማመቻቸት ይቻላል። በመጨረሻም የተቀነሰው ስፋት በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ መስተካከል አለበት። አለበለዚያ ባለይዞታው በሌለው መሬት የመጠቀሚያ ክፍያ ሲከፍል ይኖራል።

አርሶ አደሩም ማስረጃውን በእጁ ይያዝ። ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሸጠበት ደረሰኝ የሦስቱን ዓመታት ገቢ ለማሳየት ይረዳዋል። የመለኪያ ወረቀቱ ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ ባልና ሚስት የጋራ ባለይዞታ ከሆኑም ሁለቱም ባሉበት፣ ስለቀረው መሬት የተጻፈውን ያንብብ ወይም ያስነብብ። ቅር ከተሰኘ የአቤቱታ ጊዜው በሕግ የተወሰነ ነውና ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ ያመልክት። የካሳው ገንዘብ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ የቀረው ማሳ ግን ቤተሰቡን በየዓመቱ መመገብ አለበት።