የልጅ ነገር በቡና ላይ

በአማራ ክልል መራዊ ዙሪያ፣ የቆጋ መስኖ በሚያጠጣቸው ቀበሌዎች፣ ሙሽራ ዓመት ሳይሞላት ቡና ላይ «ምነው ሳትወልጂ ዝም አልሽ?» ትባላለች። ጠያቂዋ አማት ብቻ አይደለችም፤ ጎረቤትም፣ ማኅበርተኛም ናት። ያው የቡና ሸንጎ ግን ስለ መርፌውና ክንድ ውስጥ ስለሚቀበረው የወሊድ መከላከያም ያወራል፤ አንዷ «ተስማምቶኛል» ካለች ሌሎቹም ይደፍራሉ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ የአማራ ክልል ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ በ1992 ዓ.ም. 5.9 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 3.7 ሆነ። የመሬት ጥበቱም፣ የሴቶች ትምህርቱም፣ የጤና ኤክስቴንሽኑም ለመቀነሱ ድርሻ አላቸው፤ የጎረቤት ምስክርነት ግን ከግድግዳ ማስታወቂያ ይበልጣል ባዮች ነን። ጤና ጣቢያዎች ሚስቶችን ብቻ ባይመክሩስ? አማቶች አሉ። ባሎችም የመስኖ ውሃ ተራ ሲደለደል አንድ ላይ ይገኛሉ።